ቅጣቱ ወረቀት ላይ፣ ዋንጫው መደርደሪያ ላይ

የመኪና እሽቅድምድም አጭበርባሪን አይምርም የሚለው ተደጋግሞ የታተመ አስተያየት የሲንጋፖርን ምሽት ዘሏታል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በሲንጋፖሩ ውድድር የሬኖ ቡድን ሹፌር ኔልሰን ፒኬ ጁኒየር በቡድኑ አለቆች ዕቅድ መኪናውን ሆን ብሎ ከግንብ ጋር አላተመ። በአደጋው ውድድሩ ሲቀዘቅዝ ሌሎቹ ነዳጅ ሊቀዱ ገቡ፤ የቡድን ጓደኛው ፈርናንዶ አሎንሶ ግን ነዳጁን ቀድሞ ቀድቶ ስለነበር ከ15ኛ ተነስቶ አሸነፈ። ሲመራ የነበረው ፌሊፔ ማሳ ግን በግርግሩ ነዳጅ ሊቀዳ ገብቶ፣ ቱቦውን እየጎተተ ወጣ፤ 13ኛ ሆኖ ጨረሰ። የዓመቱን ዋንጫም በ1 ነጥብ አጣ።

ቅጣቱስ? የሬኖ የ2 ዓመት እገዳ በገደብ ነበር። አለቃው ፍላቪዮ ብሪያቶሬ ላልተወሰነ ጊዜ ታገደ ቢባልም፣ የፓሪስ ፍርድ ቤት በ2010 ሻረለት። በ2024 ደግሞ ያው ቡድን አልፒን በሚለው አዲስ ስሙ አማካሪ አድርጎ መለሰው።

ምሕረት አለማድረግ ይህ ከሆነ፣ ምሕረት ምን ሊባል ነው? አሎንሶ የዚያ ምሽት አሸናፊ ሆኖ ዛሬም በመዝገብ ላይ አለ።