ጠመንጃ በትከሻ እንጂ በዝና አይመረጥም

ታኅሣሥ 24 ቀን፣ በተክለ ሃይማኖት በዓል፣ ከቅዳሴ መልስ እኛ ሦስት የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ በማይርቅ ቤት ጠበል ጸዲቅ ቅመሱ ተብለን ተቀምጠን ነበር። ቤቱ የክፍል ጓደኛችን ወላጆች ቤት ነው። ጾም ስለ ሆነ የቀረበው ሽሮና ጠላ ነበር። ከመንዝ ለበዓሉ የመጡት አጎቱ ዋንጫቸውን አስቀምጠው፣ «ዘንድሮ ለዚህ ልጅ የመጀመሪያ ጠመንጃውን አስይዘዋለሁ፤ ፈቃዱንም አብረን እናወጣለን፤ ከእኔ ጋራ አደን ይወጣል» ባሉ ጊዜ ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ጓደኛችን ግን አንገቱን ደፋ። ምክንያቱን የምናውቅ እኛ ብቻ ነበርን።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ለዕረፍት አብረነው መንዝ ወርደን ሳለን አጎቱ ማውዘራቸውን ሰጥተውት ከገደሉ ሥር በተተከለ ዒላማ ላይ እንዲተኩስ አዘዙት። ጓደኛችን ቁመቱ አጭር፣ ክብደቱም 50 ኪሎ የማይሞላ ልጅ ነው። ሰደፉ ስለ ረዘመበት ከትከሻው ጉድጓድ ሳይሆን ከክንዱ ላይ አሳረፈው። በመጀመሪያው ተኩስ ክንዱ በለዘ። በሁለተኛው ዓይኑን ጨፈነ። በሦስተኛው የአጎቱ ልጅ ጠመንጃውን ባዶ መሆኑን አይቶ፣ ምንም ሳይነግረው አቀበለው። ጓደኛችን ቃታውን ሳበ፤ ድምፅ አልተሰማም፤ አፈሙዙ ግን አንድ ስንዝር ያህል ወደ መሬት ሰገደ። «ባዶ ጠመንጃ የፈራ ተማሪ» ተብሎ በመንደሩ ሁሉ ተሣቀበት።

እኛ ግን የሚያሣቅ ነገር አላየንም። ያ ባዶ ጠመንጃ ያሳየው ፈሪነትን ሳይሆን ሥጋ የተማረውን ትምህርት ነው። ሁለት ጊዜ የተመታ ትከሻ ሦስተኛውን ምት ቀድሞ ይጠብቃል፤ እጅም ጥይቱ ሳይወጣ ይሸሻል። ይህን በፉከራም ሆነ በስድብ ማስቀረት አይቻልም። ማስቀረት የሚቻለው መጀመሪያውኑ የማይመታ ጠመንጃ በማስያዝ ነው።

ከሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን አንድ ሕግ እንዋስ። ኒውተን እንዳስተማረው፣ ጥይቱና ባሩዱ ወደ ፊት በተወረወሩበት መጠን ጠመንጃው ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ ርግጫውን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የጥይቱ ክብደትና ፍጥነት፣ የባሩዱ ብዛት፣ የጠመንጃውም ክብደት። ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ልጁ ትንሽ ነው፤ ቀላል ጠመንጃ ይሰጠው» ይባላል። ነገር ግን በአንድ ዓይነት ጥይት ጠመንጃው በቀለለ ቁጥር የሚራገጠው አብዝቶ ነው። ለደቃቃ ሰው መቅለል ያለበት በመጀመሪያ ጥይቱ ነው እንጂ ጠመንጃው አይደለም።

እንግዲህ ታላቁን ጠመንጃ ማን አስመረጠን? ዝና ነው እንላለን። የአባቶቻችን ውጅግራ፣ ማለት የ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሣይ ግራ ጠመንጃ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱም ከአንድ ሜትር ከሠላሳ የማያንስ ነበር። በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ዝሆንና ጎሽ የገደለም በአገራችን የሚፎክርለት ጀግና ነበር። ይህን ታሪክ እናከብራለን። ሆኖም ወታደር የሚይዘው የተሰጠውን ነው፤ አዳኝ ግን መምረጥ ይችላል። መምረጥ የሚችል ሰው በአያቱ ዝና ትከሻውን ቢያስቀጠቅጥ የአያቱን ክብር አልጨመረም።

ምርጫውስ ምን ይሁን? በእኛ አሳብ፣ ለጀማሪ መማሪያው 22 ካሊበር ነው። ርግጫው ከምንም አይቆጠርም፤ ትንፋሽን መያዝን፣ ቃታን ቀስ ብሎ መሳብን ያለ ፍርሃት ያስተምራል። ነገር ግን በርሱ ድኩላም ሆነ ከርከሮ መተኮስ አይገባም፤ ያቈስላል እንጂ ቶሎ አይገድልም። ለነዚህ የሚበቃው በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣው 243 ዊንቸስተር ወይም ከ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራበት የስዊድኑ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደታቸው እኩል በሆነ ጠመንጃ ቢተኰሱ፣ የታወቀው 30-06 በከባድ ጥይቱ የሚመታው ከ243ቱ እጥፍ ገደማ ነው። ጠመንጃው ራሱ ሦስት ኪሎ ተኩል አካባቢ ቢመዝን ርግጫውን ይውጣል፤ ለመሸከምም አያደክምም።

ልኩም ይታይ። ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ክርንን አጥፎ ሰደፉን ከክንድ መታጠፊያ ላይ ማስደገፍ ነው። ጣት ያለ መንጠራራት ቃታውን ካገኘ ልክ ነው፤ ካላገኘ ሰደፉ ረዥም ነው። ከሰደፉ ጫፍ ለስላሳ ጎማ ይደረግ፤ ጎማው ግን ራሱ ሰደፉን ስለሚያስረዝም ከልኩ ጋራ ይታሰብ። ጆሮም ይደፈን፤ ብዙ ሰው ርግጫን የፈራ ሲመስለው የፈራው ድምፁን ነውና። በአንድ ቀንም ጥቂት ጥይት ይበቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ትንሽ ጥይት አይገድልም ለሚሉን የዋልተር ቤልን ነገር እናንሣ። ይህ ስኮትላንዳዊ አዳኝ (1880–1954 እ.ኤ.አ.) በምሥራቅ አፍሪካ እጅግ ብዙ ዝሆኖችን የገደለው በ7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነበር። ይህን የምንጠቅሰው ያን እልቂት ለማወደስ አይደለም፤ ጀማሪም በትንሽ ጥይት ዝሆንና ጎሽ ፊት ይቁም ማለታችን አይደለም። የሚያስተምረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚገድለው ጥይቱ ያረፈበት ቦታ ነው። ዓይኑን የጨፈነ ተኳሽ ደግሞ፣ መድፍ ቢሰጠውም፣ ቦታውን አያገኘውም።

በበዓሉ ማግስት አጎትየውን ወደ መርካቶ ሸኘናቸው። ጫማ ሊገዙ ነበር። ሦስት ጫማ ለክተው ሦስቱንም መለሱ። ሻጩ፣ «ጋሼ፣ ይህኮ የታወቀ ጫማ ነው፤ ሁሉ የሚወስደው እርሱን ነው» ቢላቸው፣ «ሁሉ ይውሰደው፤ የሚሄደው የኔ እግር ነው» አሉት። በዚህ ጊዜ ጓደኛችን ድፍረት አግኝቶ፣ «ጋሼ፣ የሚመታውም የኔ ትከሻ ነው» አላቸው።

አጎትየው ዝም አሉ። ጫማውን ገዝተን ወደ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ስንመለስ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ነገሩን። በልጅነታቸው፣ በአባታቸው ውጅግራ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ድኩላ ተኩሰው ነበር። ድኩላው ቈስሎ ገደል ገባ። እስኪመሽ ደሙን ተከትለው ሳያገኙት ቀሩ። «ወንድ ልጅ ሰደፍ አይፈራም ስለሚባል፣ ስቼው ነው ብዬ ዋሸሁ እንጂ ፈርቼ ነው አላልሁም» አሉን። ያን ድኩላ እስከ ዛሬ አልረሱትም።

የዚህ ጽሑፋችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ጠመንጃ ዕዳውን የሚከፍለው ተኳሹ ብቻ አይደለም። ትከሻ በሳምንት ይድናል፤ ሆዱን ተመትቶ ጫካ የገባ እንስሳ ግን አይድንም።

«ተማሪ ብዕሩን ይያዝ፤ ጠመንጃ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን። አሳባቸውን እናከብራለን። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ብዙዎቹ የመጣነው ጠመንጃ ከምሰሶ ላይ ከሚሰቀልበት ቤት ነው፤ ነገ የሚወርሰው አንዱ ከእኛ ነው። ሳያውቁ ከመውረስ ዐውቆ መያዝ ይሻላል። የመጀመሪያውም ዕውቀት ሕጉ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ለአደንም የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። እንደ ዋልያና እንደ ቀይ ቀበሮ ያሉ ብርቅዬዎቻችን ግን በየትኛውም ጠመንጃ የሚታለሙ አይደሉም።

ጓደኛችን አሁን ፈቃዱን እየጠበቀ ነው። አጎቱም የመጀመሪያው ጠመንጃ በትከሻው ልክ የሚለካ እንዲሆን፣ አደኑም እጁ ሳይሸሽ መተኰስ እስኪለምድ እንዲቈይ ተስማምተዋል። እኅቶቻችንም ሆኑ ወንድሞቻችን፣ ጠመንጃ ሲቀርብላችሁ «ይከብደኛል» ማለትን አትፈሩ። ይህን በጊዜ የሚናገር ሰው ኋላ የሚዋሸው ነገር አይኖረውም።