ባለአደራ ናችሁ ወይስ ባለርስት?

የጎንደር ከተማ ምክር ቤት፣ የደባርቅና የዳባት ወረዳ ምክር ቤቶች፣ የየቀበሌው ምክር ቤት። እነዚህን ሕዝብ ለመጨረሻ ጊዜ የመረጣቸው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ዘመናቸው አምስት ዓመት ነበር፤ በ2010 አለቀ። ምርጫው ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። በ2013ቱ ምርጫም ለከተማ ምክር ቤታቸው ድምፅ የሰጡት የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነዋሪዎች ብቻ ነበሩ። በ2005 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ ራሱ ለመምረጥ ደርሷል።

ታዲያ የሚያስተዳድረን ማን ነው? በእኔ ቋንቋ ባለአደራ ነው። ችግሩ አደራው ወሰን የሌለው መሆኑ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ባለአደራን ያውቀዋል። አንቀጽ 60 እንደሚለው፣ የተወካዮች ምክር ቤት ሲበተን ሥልጣን ላይ የነበረው ፓርቲ በባለአደራነት ይቆያል። የዕለት ተዕለት ሥራ ያከናውናል፣ ምርጫ ያዘጋጃል። አዲስ ሕግ አያወጣም፣ ነባሩን አይሽርም፣ አያሻሽልም። ምርጫውም በስድስት ወር ውስጥ ይደረጋል። በ2012 በኮሮና ጊዜ ይህ መንገድ ከአራቱ አማራጮች አንዱ ሆኖ ቀርቦ ነበር። የተመረጠው ግን እጅ የማያስረው «የሕገ መንግሥት ትርጓሜ» ሆነ።

ሕንድን እንይ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1979 ቻራን ሲንግ አብላጫ ድምፅ ሳይኖረው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ፓርላማ ፊት ሳይቀርብ በሦስት ሳምንት ገደማ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ምርጫ እስኪደረግ ግን በባለአደራነት ቆየ። በጥር 1980 ሕዝቡ መረጠ፣ እሱም ወረደ። ደካማ መንግሥት ነበር፤ ግን መጨረሻው ይታወቅ ነበር።

«ጸጥታ በሌለበት ምን ምርጫ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ምርጫ ጣቢያ ጥይት በሚጮህበት አይከፈትም። ነገር ግን የጸጥታ መጥፋት ወንበር ላይ ለመቆየት ምክንያት ይሆን እንደሆነ እንጂ፣ እንደልብ ለመወሰን ፈቃድ አይሆንም።

አንቀጽ 60 ለፌዴራሉ ምክር ቤት የተጻፈ መሆኑን አውቃለሁ። መንፈሱ ግን ለቀበሌም ይሠራል። ዘመኑ ያለፈበት ምክር ቤት ውኃ ያስቀጥል፣ መታወቂያ ይስጥ፣ ማዳበሪያ ለገበሬው በወቅቱ ያድርስ። የከተማ ቦታን ለረጅም ዓመት በሊዝ መስጠት፣ አዲስ ክፍያ መጣል፣ በኮሪደር ልማት ሰፈር ማንሳት ግን የተመረጠ አካል ሥራ ነው። የማይቀር ውሳኔ ካለ ነዋሪው ፊት በግልጽ ይቅረብ፣ ይለጠፍ፣ ይጠየቅበት።

አደራ የተቀበለ ሰው ላሟን ያልባል እንጂ አይሸጣትም። ይህን የደባርቅ እረኛ ያውቀዋል። ምክር ቤቶቻችንም ይወቁት።