ከሰብለ በፊት ውድነሽ

መስከረም ሲጠባ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለው መስክ አደይ አበባ ይለብሳል፤ የእሸት ጥብስ ሽታም ከየመንገዱ ዳር ያውዳል። ጎተራው ገና ባይሞላም፣ ያ እሸት ለገበሬ ቤት ትልቅ ደስታ ነው።

በ1902 ዓ.ም. እዚሁ ጎጃም፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ እንዲህ ያለውን ቤት ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲነሣ ብዙ አንባቢ የሚያስታውሰው የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን መጨረሻ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰሙትም ያንኑ እያሰቡ ያዝናሉ። ደራሲው ግን ታሪኩን ከወጣቶቹ አልጀመሩትም። መጀመሪያ የሚወስዱን ማንኩሳ ነው፤ ባሎቿ እየሞቱባት ሰው «ገፊ» ብሎ የሸሻት ውድነሽ በጣሙና ቤቷን የሚያገለግለው ቦጋለ መብራቱ ዘንድ። ሁለቱ ተጋብተው የወለዱት ልጅ፣ በዛብህ፣ ነው በኋላ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ለአስተማሪነት የሚገባው። የሰብለም ፍቅር የሚበቅለው እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከትምህርቱ ጎን ነው።

የመጽሐፉ ትልቁ ስጦታ ይኸ የቤት ኑሮ ነው። ሰው የሚፈራትን ሴት ቀርቦ ያወቃት፣ አብሯት ሲሠራ የኖረው ሰው ነው፤ ከሞትና ከስደት ይልቅ ይህ ዓይነቱ ፍቅር ብርቅ ነው። ልብ ወለዱን የሚያስተምሩ መምህራን ወደ መቃብሩ ከመድረሳቸው በፊት፣ ተማሪዎቻቸውን ይዘው በውድነሽ ቤት ረዘም ያለ ጊዜ ሊቆዩ ይገባል።