የውሃው ፈረቃ የት ተለጠፈ?

ላሊበላ የሚመጣ እንግዳ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለማየት ስንት እንደሚከፍል ትኬት ቆራጩ ይነግረዋል። ጀሪካን ይዛ ውሃ የምትጠብቀው እናትስ ተራዋ መቼ እንደሚደርስ ማን ይንገራት?

“ያ ሁሉ ዶላር የት ገባ?” የሚሉ አሉ። ልብ በሉ፣ የትኬቱን ገንዘብ የምትሰበስበው ቤተ ክርስቲያኗ ናት። የከተማው ምክር ቤት አስተዳደሩን መጠየቅ ያለበት ስለ ውሃው፣ ስለ ቆሻሻው፣ ከሆቴልና ከሱቅ ስለሚሰበሰበው ግብር ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ግልጽነት ማለት (እኛ አገር ስብሰባ መጥራት ይመስለናል) ቀበሌው በር ላይ አንድ ወረቀት መለጠፍ ነው፤ የየሰፈሩ ፈረቃ፣ የተመደበው በጀት፣ የወጣው ብር።

ችግሩ፣ የአካባቢ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ተካሄደ፤ በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዘመ። ታዲያ ድምፅ የማይጠይቅ የምክር ቤት አባል ወረቀቱን ለማን ብሎ ያስለጥፍ?