ባንክ ቤት የተሠራ ዲግሪ ያነሰ ዲግሪ አይደለም

በእንግሊዝ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል የልጆች ትምህርት በተነሳ ቁጥር አንድ ሥር የሰደደ አስተያየት ይደመጣል። ጎበዝ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ያልቀናው አፕረንቲስሺፕ (እየሠሩ መማርን) ይይዛል። ከትልልቅ ባንኮች በአንዱ የቴክኖሎጂ ክፍል ተቀጥሮ፣ ደመወዝ እየተከፈለው የባችለር ዲግሪውን የሚሠራ ልጅ እንኳ ከዚህ ፍርድ አያመልጥም። በዚህ መንገድ የሚማሩ ወጣቶችን በመምህርነት ስከታተል ከብዙ ወላጆች ጋር ተነጋግሬአለሁ። አንዲት እናት ነገሩን ሳይደብቁ ነገሩኝ፤ «ልጅሽ የት ደረሰች ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ? ተማሪ ናት እንዳልል በየቀኑ ሥራ ትገባለች፤ ሠራተኛ ናት እንዳልል ገና ትማራለች።»

ይህ የእናት ጭንቀት ነው፤ አከብረዋለሁ። የምመልሰው ግን ለጭንቀቱ ሳይሆን ጭንቀቱን ለሚደግፈው፣ ከምሁራንም አፍ ለሚሰማው መከራከሪያ ነው። መከራከሪያው እንዲህ ይላል፦ ዩኒቨርሲቲ እውቀት ይሰጣል፣ የሥራ ቦታ ደግሞ ሙያ ያስለምዳል፤ ስለዚህ ባንክ ውስጥ የሚማር ልጅ የአንድ መሥሪያ ቤት አሠራር ተክኖ ይወጣል እንጂ ሳይንሱን አያውቀውም። እኔ ደግሞ በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በተለይም ከገንዘብ ጋር በተያያዘው ክፍሉ፣ ይህ ክፍፍል ከመነሻው የተሳሳተ ነው እላለሁ።

ስለምን እንደምንነጋገር በቅድሚያ ግልጽ ይሁን። ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ በእንግሊዝ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ዲጂታል ቴክኖሎጂ ከመጀመሪያዎቹ ዘርፎች አንዱ ነበር። ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ ዓመታዊ የደመወዝ ወጪው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ቀጣሪ ሁሉ የወጪውን 0.5 በመቶ ለሥልጠና እንዲያዋጣ ተደነገገ። ለምሳሌ ጄፒ ሞርጋን ከኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ ጎልድማን ሳክስ ደግሞ ከለንደኑ ኩዊን ሜሪ ጋር ተጣምረው ወጣቶችን ያስተምራሉ። ተማሪው የሥራ ውል የፈረመ የባንኩ ሠራተኛ ነው፤ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ የሚቀበለው ዲግሪ የዩኒቨርሲቲው ዲግሪ ነው። መጨረሻ ላይ በሥራው ቦታ የሠራውን ፕሮጀክት በጽሑፍ አቅርቦ፣ በቃል ተጠይቆ ይፈተንበታል። «ባንኮቹ ይህን የሚያደርጉት መዋጮው እንዳይባክንባቸው ነው» የሚሉ አሉ። ጥቅም ላይ ያልዋለው ገንዘብ በጊዜ ገደብ ከሒሳባቸው እንዲወጣ ደንቡ ስለሚያዝ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን የቀጣሪው ምክንያት ሌላ ነው፤ ተማሪው ምን አወቀ የሚለው ጥያቄ ሌላ ነው።

የዚህ መንገድ ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ የሚሟገቱት በገንዘብ ነው። በ2025/26 የትምህርት ዘመን የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ለአገሩ ተማሪ የሚያስከፍሉት ጣሪያ 9,535 ፓውንድ ነው፤ ለ3 ዓመት፣ ኑሮው ሳይታሰብ፣ ከ28 ሺህ በላይ ይሆናል። በ2023 ሥራ ላይ በዋለው የብድር ደንብ መሠረት ተመራቂው ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ከሚያገኘው ገቢ ላይ 9 በመቶ እስከ 40 ዓመት ይከፍላል፤ 35 ሺህ የሚያገኝ ሰው በዓመት 900 ፓውንድ ማለት ነው። ወለድ ያለበት ብድር ለሚያስጨንቃቸው ሙስሊም ቤተሰቦቻችን ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ሆኖም ክርክሩን እዚህ ላይ የሚተክል ሰው ዋናውን ነገር ሳያውቀው አሳልፎ ይሰጣል፤ «ትምህርቱ ቢያንስም ዕዳ የለበትም» እንደማለት ነውና። ትምህርቱ አያንስም።

ለምን ያነሰ መሰለን? ምክንያቱ ከእኛው አገር ይመጣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃን 10ኛ ክፍል ላይ ቆረጠው፤ ጥሩ ውጤት ያመጣ ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣ ወደ ቴክኒክና ሙያ ሄደ። ሙያ መማር የፈተና ውድቀት ምልክት ሆኖ በአንድ ትውልድ አእምሮ ውስጥ ተቀረጸ። ከዚያ በፊትም ቢሆን የእጅ ባለሙያውን በስድብ ስም ስንጠራ የኖርን ሕዝብ ነን። አውሮፕላን የተሳፈረ ወላጅ ይህንን ሁሉ ይዞት መጣ። እዚህ በባንክ የሚማረው ልጅ ግን ተጣርቶ የወደቀ አይደለም፤ ባንኮቹ ለጥቂት ቦታ ከብዙ አመልካች መካከል የሚመርጡት ነው፤ ጥሩ የኤ ሌቭል ውጤት ይጠይቃሉ፣ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ይጨምሩበታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የዳታቤዝ ትምህርት የወሰደ ሁሉ «ትራንዛክሽን» የሚባለውን ጽንሰ ሐሳብ ያውቃል፦ አንድ ሥራ ወይ ሙሉ በሙሉ ይፈጸማል ወይ ጨርሶ እንዳልተጀመረ ይቆጠራል፤ መሐል ላይ አይቀርም። ይህን ሐሳብ አብስሎ መልክ በማስያዝ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱን ጂም ግሬይን የሚያህል የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የቱሪንግ ሽልማት የተሰጠውም በዚህ መስክ ባበረከተው ሥራ ነው። ግሬይ ሥራውን ያከናወነው በኩባንያዎች ውስጥ፣ በመጀመሪያ በአይቢኤም፣ ቀጥሎም የባንክ ኮምፒውተሮችን ይሸጥ በነበረው ታንደም ነው። በ1985 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ የደራሲውን ስም ሳይገልጽ፣ «ዳታሜሽን» በተባለው መጽሔት ላይ የትራንዛክሽን አቅም እንዴት እንደሚለካ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ የሚነሳው ከአንድ ባንክ ታሪክ ነው፤ ባንኩ በ1973 አንድ ሺህ ቅርንጫፎቹን፣ 10 ሺህ የመስኮት ሠራተኞቹንና 10 ሚሊዮን ሒሳቦቹን በኮምፒውተር አገናኝቶ በሰከንድ መቶ ክንውን ማስተናገድ ፈልጎ ነበር። ከዚያ ፍላጎት የወጣው መለኪያ፣ ደንበኛ ገንዘብ ሲያስገባና ሲያወጣ የሚፈጸመውን ተራ ሥራ መነሻ አድርጎ፣ ለዓመታት የዓለም የዳታቤዝ አምራቾች መወዳደሪያ ሆነ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው በሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ንድፈ ሐሳብ እንዲህ ከባንክ መስኮት ጋር አብሮ ያደገ ነው። የባንክ ሥራ ከሳይንሱ ያርቃል የሚሉን ሰዎች ሳይንሱ የትና በምን ችግር ግፊት እንደጎለመሰ ይንገሩን።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። የአንድ ባንክ ሥርዓት «ከዚህ ሒሳብ 200 ፓውንድ ወደዚያ አስተላልፍ» የሚል መልእክት ለሌላ ሥርዓት ይልካል። መልስ ሳይመጣ ጊዜው ያልፋል። ገንዘቡ ተላልፎ መልሱ ብቻ ነው የጠፋው? ወይስ መልእክቱ ራሱ አልደረሰም? ላኪው ሊያውቅ አይችልም። ደግሞ ከላከ የሒሳቡ ባለቤት ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል፤ ካልላከ የቤት ኪራዩ ሳይከፈል ሊያድር ይችላል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ ቁጥር ሰጥቶ፣ ተቀባዩ ቁጥሩን መዝግቦ፣ ሁለተኛው መልእክት ሲመጣ ገንዘብ ሳያንቀሳቅስ የፊተኛውን መልስ እንዲመልስ ማድረግ ነው። ይህ በመማሪያ ክፍል በአሥር ደቂቃ ይነገራል። ሁሉም ተማሪ ጽፎ ይወጣል።

ባንክ ውስጥ ያለችው ተለማማጅ ግን እዚያ ላይ አትቆምም። መለያ ቁጥሩ ስንት ቀን ይቀመጥ? ሁለት መልእክቶች በአንድ ቅጽበት ቢደርሱ የትኛው ይቀድማል? መዝጋቢው ክፍል ከወደቀ ክፍያው ይቁም ወይስ ይለፍ? የጻፈችውን ኮድ ራሷ ወደ ደንበኞች ሥርዓት ማስገባት አይፈቀድላትም፤ ሌላ ሰው ያነበዋል፣ ሌላ ሰው ያጸድቀዋል። ከማጽደቁ በፊት የምትሞላው ቅጽ ደግሞ አንድ ከባድ ጥያቄ አለው፦ ነገሩ ሌሊት ቢበላሽ፣ አንቺ በሌለሽበት፣ ተረኛው ሰው በምን ቅደም ተከተል ወደ ነበረበት ይመልሰዋል? ያንን ለመመለስ ሥርዓቱን በሙሉ በሐሳብ መዞር አለባት፤ ከእሷ ኮድ ጀርባ ያለውን፣ ከመወለዷ በፊት ኮቦል በተባለው የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውን የሜይንፍሬም ሥርዓት ጭምር። ይህ «ልምድ» ብቻ ነው የሚል ሰው እውቀት ምን እንደሆነ ዳግመኛ ሊያስብ ይገባዋል። በሚቀጥለው የትምህርት ቀን ስለ ተሠራጩ ሥርዓቶች ሲነገር የሷ ጥያቄ ከሌላው ተማሪ ጥያቄ የተለየ ነው፤ እኔ መምህሩ ይህን በዓይኔ የማየው ነገር ነው።

የጥያቄው ክብደት ከየት እንደመጣ የሚያሳዩ ታሪኮች አሉ። በሰኔ 2012 በአርቢኤስ የባንክ ቡድን የሌሊቱን የሥራ ቅደም ተከተል የሚመራው ሶፍትዌር ሲታደስ ተሰናከለ፤ ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ተጎዱ፤ ተቆጣጣሪዎቹ በ2014 ባንኩን 56 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። በሚያዝያ 2018 ደግሞ ቲኤስቢ የተባለው ባንክ የ5.2 ሚሊዮን ደንበኞቹን መረጃ ወደ አዲስ ሥርዓት ሲያዛውር ሰዎች ሒሳባቸውን ማየት አቃታቸው፤ ነገሩ ሙሉ በሙሉ የተስተካከለው በታኅሣሥ ነው። ቅጣቱ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ፤ የቴክኖሎጂ ኃላፊውም በግላቸው 81,620 ፓውንድ ተቀጡ። የመጀመሪያው ጉዳት የደረሰው ደመወዙን ሊያወጣ በሄደ ሰው ላይ ነው። ሶፍትዌር መጻፍ ለማያውቁት ሰው ኃላፊነት መውሰድ መሆኑን የሚያስተምር የቤት ሥራ እኔ እስካሁን መንደፍ አልቻልኩም፤ የሥራ ቦታው ግን ያስተምረዋል። ሐኪም በሽተኛ አጠገብ ቆሞ ሳይማር ሐኪም ይሁን የሚል ማንም የለም፤ ያንን ደግሞ «ያነሰ ትምህርት» ብለን አናውቅም።

«ጠባብ ይሆናል» የሚለውን ስጋት ግን በቀላሉ አልጥለውም። የአንድ ባንክ መሣሪያዎች የዚያ ባንክ ናቸው፤ ልጁ በሦስተኛው ዓመት ከዚያ ውጭ ዓለም ያለ ላይመስለው ይችላል። የሚያድነው ዩኒቨርሲቲው ነው። ዩኒቨርሲቲው ለባንኩ ጥያቄ ብቻ የሚታዘዝ ከሆነ፣ ሒሳቡንና አልጎሪዝሙን በባንኩ ፍላጎት ልክ እየቆረጠ ከጣለ፣ ተቺዎቹ ትክክል ይሆናሉ። ይህ ግን የእኛ የመምህራኑ ድክመት ይሆናል እንጂ የመንገዱ ጠባይ አይደለም።

ተቺዎቹ እውነተኛውን ችግር አልነኩትም። የመጀመሪያው ችግር ጊዜ ነው። ደንቡ መጀመሪያ ላይ ከሥራ ሰዓቱ 20 በመቶው ለትምህርት እንዲውል ያዝ ነበር፤ ከነሐሴ 2022 እስከ ሐምሌ 2025 ለጀመረ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ደግሞ ዝቅተኛው በሳምንት 6 ሰዓት ነበር። ፕሮጀክት ማስረከቢያው ሲቃረብ መጀመሪያ የሚበላው የትምህርቱ ሰዓት ነው። አለቃው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ልጁ «ዛሬ የትምህርት ቀኔ ነው» ለማለት ስለሚያፍር ነው፤ በተለይ ለታላቅ እሺ ማለትን ከቤቱ የተማረ የእኛ ልጅ። ሌሊቱን እያጠና ቀኑን ይሠራል፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ይደክማል። ሁለተኛው ችግር ባንኩ ሠራተኛ ሲቀንስ የሚመጣው ነው። ከትምህርቱ ሦስት አራተኛውን ያላገባደደና ለመጨረስም ከስድስት ወር በላይ የቀረው ተማሪ ከሥራ ሲቀነስ፣ አዲስ ቀጣሪ እስኪያገኝ የመንግሥት ድጎማው የሚቆይለት 12 ሳምንት ብቻ ነው። መደበኛ ተማሪ እንዲህ ዓይነት ስጋት የለበትም።

ሦስተኛው እጅግ ያሳዝነኛል፦ ማን ይገባል የሚለው። የዩኒቨርሲቲን የማመልከቻ ሥርዓት የለመደ ቤተሰብ አንድ ቅጽ፣ አንድ የመጨረሻ ቀን ይጠብቃል። ባንኮቹ ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ገጽ፣ ብዙውን ጊዜ በመከር ወራት ይከፍታሉ፤ አንዳንዶቹ ቦታው ሲሞላ ቀኑን ሳይጠብቁ ይዘጋሉ። ይህን የሚያውቀው ወላጁ በሙያው ዓለም ውስጥ ያለ ልጅ ነው። ደህና ኑሮ ያላቸው እንግሊዛውያን ቤተሰቦች ዋጋውን ካወቁ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውን ከ12ኛ ክፍል ጀምረው ያዘጋጃሉ። እኛ «ያልቀናው የሚይዘው ነው» ስንል ቦታውን ለነሱ እየለቀቅን ነው። በእንግሊዝ ቢያንስ 3 ዓመት የኖረና የመሥራት ፈቃድ ያለው አመልካች የድጎማውን ሁኔታ በአብዛኛው ያሟላል፤ የስደተኝነት ጥያቄው የተፈቀደለት ደግሞ ሦስቱን ዓመት እንኳ መጠበቅ አይጠበቅበትም። በሩ በሕግ አልተዘጋብንም።

ስለዚህ ልጁ ዕድሉን ያገኘ ወላጅ ከባንኩ ስም ይልቅ አንድ ሰነድ ቢጠይቅ እወዳለሁ። ሥልጠናው ሲጀመር ተማሪው፣ ቀጣሪውና ዩኒቨርሲቲው ሦስቱም የሚፈርሙበት የሥልጠና ዕቅድ አለ። የትምህርቱ ቀን የትኛው እንደሆነ፣ ሰዓቱ በሥራ ቢወሰድ መቼ እንደሚተካ፣ በባንኩ በኩል የተማሪው ተጠሪ ማን እንደሆነ እዚያ ውስጥ በስምና በቀን ተጽፎ መገኘት አለበት። ካልተጻፈ፣ ሳይፈረም በፊት ይጻፍ።