እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ማነው? ታብሌቱ ወይስ እኛ?

ልጅ እንግሊዝኛ እንዲያውቅ መፈለግ ኃጢአት አይደለም። ይህን ቀድመን የምንለው «እነዚህ ደግሞ ቴክኖሎጂ ጠል ሆኑ» የሚል ወቀሳ ከወዲሁ ስለሸተተን ነው። በዚህች አገር እንግሊዝኛ የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን በር ነው። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። ከዚያ እንደየክልሉ ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲደረስ ግን በሁሉም ዘንድ፣ ሒሳቡም ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ሲሰጥ ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ ሁሉ የቋንቋ ነው አንልም። ግን ከወደቁት መካከል ጥያቄው የተጻፈበት ቋንቋ ያልገባው አንድም ልጅ የለም የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ስለዚህ እናትና አባት ከጉሮሯቸው ቀንሰው ታብሌት ሲገዙ፣ የልጆች እንግሊዝኛ ማስተማሪያ ሶፍትዌር ሲያስጭኑ እንረዳቸዋለን። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ሶፍትዌሩ እስከ ምን ድረስ ይወስዳል? የማይደርስበትንስ ማን ይሸፍናል?

ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልገንም። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በኦሮሚያ ውስጥ ወንጪና ወለንጪቲ ላይ ለልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞላ የሞቶሮላ ታብሌት እንደታሸገ ሰጥቶ ነበር። አስተማሪ አልነበረም። ልጆቹ ማንበብ አይችሉም፣ የፊደል ጨዋታው፣ ተረቱና ፊልሙ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደተናገሩት፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው። በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕ ይከፍት ጀመር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ የ«ኤ ቢ ሲ»ን መዝሙር ይዘምሩ ነበር። በአምስት ወር የተቆለፈውን ካሜራ ከፈቱት። አንዱ ልጅ ደግሞ ከእንስሳት ጨዋታ ያየውን ይዞ በሥዕል መሥሪያው ላይ «ላየን» ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ።

ዓለም አጨበጨበ። እኛም እናጨበጭባለን፤ የገጠር ልጅ ዕድል ካገኘ የሚያንሰው ነገር እንደሌለ ከዚህ በላይ ምን ይመስክር? ከጭብጨባው በኋላ ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። ያ ልጅ «ላየን» ብሎ ከጻፈ በኋላ ለማን ይናገረዋል? በአፉ የሚያውቀው «ሌንጫ» የሚለውን ነው። አፋን ኦሮሞ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በይፋ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ነው። ማለትም ልጁ በጣቱ እየነካ የለመደው ፊደል የገዛ ቋንቋው ፊደል ነበር! ያንኑ መሣሪያ ይዞ መጀመሪያ ሌንጫን፣ ቀጥሎ ላየንን መጻፍ ይችል ነበር። በቤቱ የሚሰማውን ቃል በዓይኑ አይቶ፣ ንባብ ማለት ምን እንደሆነ ገብቶት፣ ከዚያ ወደ ባዕድ ቋንቋ ይሻገር ነበር። ሶፍትዌሩ ግን ድልድዩን ዘልሎ ልጁን ማዶ ላይ ነው የጠበቀው።

አሁን ደግሞ ወደ ከተማው እንምጣ። እዚህ ያለው ልጅ ድልድይ ብቻ ሳይሆን የሚያወራው ሰውም ያጣል። ታብሌቱ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ እናት ወጥ ስትሠራ፣ አባት ዜና ሲያይ፣ «ዝም እንዲል» ነው። ዝም እንዲል የተሰጠ ዕቃ እንዴት መናገር ያስተምራል?

ይህ የእኛ ስሜት ብቻ አይደለም። ፓትሪሺያ ኩል የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሠራችው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። ዘጠኝ ወር ገደማ የሆናቸው አሜሪካውያን ሕፃናት ለ12 ጊዜ ያህል ማንዳሪን ቻይንኛ እንዲሰሙ ተደረገ። ገሚሶቹ ከፊታቸው ቁጭ ብሎ ከሚያጫውታቸው ሰው ሰሙ። ሌሎቹ ያንኑ ሰው በቪዲዮ አዩት፣ ወይም ድምፁን ብቻ ሰሙ። ከሰው የሰሙት የቻይንኛውን ድምፅ መለየት ቻሉ። ከስክሪን የሰሙት ግን ምንም እንዳልሰሙት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሁለት ዓመት ካለፋቸው ሕፃናት ጋር ተሠርቶ፣ በቪዲዮ ጥሪ ከሚያናግራቸው ሰው አዲስ ቃል እንደሚማሩ፣ ቀድሞ ከተቀረጸ ቪዲዮ ግን እንደማይማሩ አሳየ። እንግዲህ ጠላቱ መስታወቱ አይደለም ማለት ነው። ለውጡን ያመጣው ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ለልጁ መልስ የሚሰጥ ሰው መኖሩ ነው።

ልጁ አምስትና ስድስት ዓመት ሲሆነው ነገሩ ትንሽ ይለያል። በዚያ ዕድሜ ጥሩ ሶፍትዌር ቃል ያስይዛል፣ ፊደል ያስለያል፣ ሳይሰለች መቶ ጊዜ ይደግማል። መቶ ጊዜ የሚደግም አስተማሪ ከወዴት ይመጣል? ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ቃል መሰብሰብና ቋንቋ መናገር ለየቅል ናቸው። ሃያ የቀለም ስም በእንግሊዝኛ የሚደረድር ልጅ «ምሳ በላህ?» ሲባል የሚሸሽበትን ምክንያት እዚህ ጋ እናገኘዋለን።

ሁለተኛው ችግር ሶፍትዌሮቹ ለእኛ ልጅ አለመሠራታቸው ነው። ብዙዎቹ ትእዛዙንም የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንግሊዝኛ ለመማር እንግሊዝኛ ማወቅ ያስፈልጋል። «አይ ፎር ኢግሉ» እያሉ የበረዶ ጎጆ ያሳዩታል፤ እሱ ግን በረዶ የሚያውቀው ከክረምቱ ዝናብ ጋር ነው። ዱኦሊንጎ የተባለውን ታዋቂ አፕ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2017 ስዋሂሊን ጀመረ፤ ደግ አደረገ። በዚያው ዓመት ለቴሌቪዥን ድራማ የተፈጠረውን ሃይ ቫሊሪያንን፣ በ2018 ደግሞ የስታር ትሬክ ፍጡራን የሚናገሩትን ክሊንጎንን አስገባ። ለአማርኛ ተናጋሪ የተሰናዳ የእንግሊዝኛ ኮርስ ግን የለውም። ዋሽንግተን የተወለደ ልጃቸው አማርኛ እንዲለምድ የሚመኙ ወላጆችም እዚያ ቢፈልጉ አያገኙም። የሌለ አገር ቋንቋ ተራ ሲደርሰው የእኛ ተራ አልደረሰም። ይህን የምንለው ለማማረር አይደለም። ኩባንያ ገበያ ያየበት ይሄዳል፤ ለልጆቻችን የሚሆነውን ከእሱ መጠበቅ የእኛ ስንፍና ነው።

ደግሞም እንችላለን። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እ.ኤ.አ. በ2006 በቴሌቪዥን ሲጀምር ብሩክታዊት ጥጋቡ የምትባል አስተማሪና ባለቤቷ ከቤታቸው ተነስተው ነው አንዲት የስድስት ዓመት ቀጭኔ በአማርኛ ያናገሩት። ልጆች ወደዷት፣ ምክንያቱም በቋንቋቸው አናገረቻቸው። ያው መንገድ ለእንግሊዝኛም ይሆናል። ትእዛዙ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ የሆነ፣ «ኢንጄራ ኢዝ ኦን ዘ ቴብል» የሚል፣ ያለ ኢንተርኔት በርካሽ ስልክ ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር ለመሥራት ሮኬት ማምጠቅ አያስፈልግም። በየዓመቱ በሶፍትዌር ምሕንድስና የሚመረቁ እኩዮቻችን አሉ። ትምህርት ሚኒስቴር ሥርዓተ ትምህርቱን ይዟል። የጎደለው ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ነው።

እስከዚያው ግን ወላጆች፣ በእጃችሁ ያለው ሶፍትዌር ዋጋ እንዲኖረው አብራችሁ ተቀመጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል፤ ከዚያም በታች ከሆነ ደግ ነው ብሏል። ሩብ ሰዓት አብሮ መቀመጥ ይበቃል። «እኛ እንግሊዝኛ አናውቅም» የምትሉ ደግሞ ከሁሉ የተሻለው ዕድል የእናንተ ነው። «ይሄ ምን ይባላል? እስቲ አስተምረኝ» በሉት። የሚጠይቀው ሰው ያገኘ ልጅ የሚመልሰው ነገር ይፈልጋል፤ ቃሉም ከስክሪኑ ወጥቶ ወደ ማድ ቤትና ወደ ደጅ ይሄዳል። በግቢያችሁ አማርኛ መናገርን የምትከለክሉ ትምህርት ቤቶችም ነገሩን አስቡበት። ልጅ አንዱን ምላስ በመቁረጥ ሌላ አይበቅልለትም።

ታብሌቱን ጣሉ አላልንም። ብቻውን አትተዉት ነው ያልነው፤ ታብሌቱንም፣ ልጁንም።