ሊስትሮው ብቻውን አልዘፈነም

ማሕሙድ አሕመድን ለማነቃቂያ ንግግር የሚጠቀሙ ሰዎች ሰልችተውኛል። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። መርካቶ የተወለደ የጉራጌ ልጅ፣ ትምህርት ያልሆነለት፣ ጫማ እየጠረገ ያደገ፣ አንድ ማታ ማይክ ጨብጦ አገር ያስደመመ። ከዚያ ተናጋሪው ዝም ይላል፣ አዳራሹን ቃኘት ያደርጋል፣ «እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ?» ይላል። ጭብጨባ። ውሃ ይታደላል። ወልቂጤ ሰምቼዋለሁ፣ ቡታጅራም ሰምቼዋለሁ፣ ስላይዱ ሳይቀር አንድ ነው።

ታሪኩ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። እውነት ነው። ግን እውነቱ ከመሃል ተቆርጦ ነው የሚሸጠው፣ የተቆረጠው ክፍል ደግሞ ዋናው ነው። ዋናውን ላስቀምጥላችሁ (ዓመታቱን ለማነጻጸር እንዲቀል እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ካልሆነም እናገራለሁ)።

ማሕሙድ የተወለደው ሜይ 8 ቀን 1941 ነው። በእኛ ሚያዝያ 30 ቀን 1933 ማለት ነው፣ ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ በገቡ በሦስተኛው ቀን። ልጅነቱ ላይ ሊስትሮ ሆነ፣ እሱ ልክ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን ሥራው ሌላ ነበር፦ አሪዞና ክለብ የሚባል ቤት ውስጥ የተገኘውን ሁሉ የሚሠራ ተላላኪ። ያ ክለብ ደግሞ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚያመሹበት ነበር። በ1962 አንድ ማታ ዘፋኙ ቀረ። ልጁ «እኔ ልሞክር» አለ። ዘፈነ።

ተናጋሪዎቹ «ዕድሉን ተጠቀመበት» ብለው የሚዘሉት እዚህ ጋ ነው። እኔ ደግሞ ዘፋኙን ትቼ ከኋላው ያለውን አያለሁ። ዘፋኙ ቢቀርም ባንዱ አልቀረም እኮ! መሣሪያው ተሰክቷል፣ ነፊዎቹ ቦታቸው ላይ ናቸው፣ ዘፈኖቹን ሁሉም ያውቃቸዋል፣ ቁልፉን ዝቅ አድርጉልኝ ቢላቸው ዝቅ ያደርጉለታል። ጀማሪ ድምፃዊ የሚያስፈልገው ነገር በሙሉ እዚያች ጠባብ መድረክ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ድፍረት የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። ማሕሙድ ከኦርኬስትራው ጋር እስከ 1974 ቆየ። ክቡር ዘበኛ የንጉሡ ጦር ነው፣ ሙዚቀኛው ወታደር ነው፣ ወታደር ደግሞ ደሞዝ አለው። የልምምድ ሰዓት አለው፣ አለቃ አለው፣ የተበላሸ መሣሪያ የሚያስጠግን ቢሮ አለው። የመጀመሪያ ሸክላውን ያስቀረጸው መቼ ይመስላችኋል? በ1971፣ ከቬነስ ባንድ ጋር። ከ1962 እስከ 1971 ዘጠኝ ዓመት ነው። «አንድ ማታ ማይክ ጨብጦ» የሚሉን ሰውዬ በሕዝብ ገንዘብ በሚተዳደር ተቋም ውስጥ፣ በየማታው ከባለሙያ ጋር እየሠራ፣ ዘጠኝ ዓመት ተምሮ ነው ሸክላ ላይ የወጣው። እኔ ይሄን ዩኒቨርሲቲ ነው የምለው። የእኔ ዲግሪ እንኳ አምስት ዓመት ነው የፈጀው።

ሸክላውስ ከየት መጣ? እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ በ1969 ሕጉን ጥሶ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ፣ ማተሚያው አገር ውስጥ ስለሌለ ሥራውን ውጭ ልኮ አስመጣ። አምሃ ባይደፍር ኖሮ የማሕሙድ ትውልድ ግማሹ ዛሬ ወሬ ብቻ ነበር። ቀጥሎ አሊ አብደላ ካይፋ መጣ። ካይፋ ሬከርድስ «እሬ መላ መላ»ን ያወጣው አብዮቱ ፈንድቶ፣ ሌሊቱ በሰዓት እላፊ መዘጋት በጀመረበት ጊዜ ነው። ከኋላ የነበረው አይቤክስ ባንድ ነው፦ ቤዝ ላይ ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታር ላይ ሰላም ሥዩም። አይቤክስ ኋላ ሮሃ ባንድ ሆነ። ሙዚቃውን ሮክ በሉት፣ ሶል በሉት፣ ዘመናዊ በሉት፣ በስሙ አልጣላም። ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ፊት ለፊት አንድ ላብ በላብ የሆነ ሰው። ለንደን ቢሆን ሮክ ባንድ ይባል ነበር፣ ማሕሙድም ፍሮንትማን።

በ1980 እና 81 ከዋሊያስ ባንድ፣ ከጌታቸው ካሳ እና ከውብሸት ፍስሐ ጋር አሜሪካ ተጓዘ። እዚህ ጉዞ ላይ ነው የማነቃቂያው ሒሳብ የሚፈርሰው። ከዋሊያስ አባላት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። አሜሪካ ቀረ፣ ዋሽንግተን ላይ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ፣ ኪቦርዱን ኮፈን ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። ሥራዎቹ በድጋሚ ታትመው ዓለም ያወቀው ከ2013 ወዲህ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ኃይሉ ሰነፍ ነበር? የታክሲ ኮፈን ውስጥ ኪቦርድ ይዞ ከሚዞር ሰው በላይ ታታሪ የት ይገኛል? ልዩነቱ ትጋት ላይ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በዙሪያው ባንድ፣ ክለብ፣ አሳታሚ አልነበረም፣ በቃ።

ማሕሙድ ራሱ ተመልሶ በ80ዎቹ ፒያሳ ላይ የሙዚቃ ቤት ከፍቶ ይሠራ ነበር። ያን ያህል ስም ያለው ሰው! በ1986 ክራምድ ዲስክስ የሚባል የቤልጅየም አሳታሚ የአይቤክሱን ቅጂ አውሮፓ ላይ አወጣው፣ ከተቀረጸ አሥር ዓመት ካለፈው በኋላ። ከዚያ የፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» መጣ፣ ከዚያ በ2007 የቢቢሲ የዓለም ሙዚቃ ሽልማት። በ2025 ጥር ወር ላይ ሚሊኒየም አዳራሽ መድረክ ላይ ሲሰናበት 83 ዓመቱ ነበር።

እኔ ኮድ ጽፎ አዳሪ ነኝ፣ ለሙያዬ የሚቀርበውን ምሳሌ ልስጥ። የተሳኩትን ጥያቄዎች ብቻ የሚመዘግብ ሰርቨር ቢኖር ሎጉን ያነበበ ሁሉ «ይሄ ሲስተም ፍጹም ነው» ይላል። የወደቁት አልተጻፉማ። የሊስትሮው ታሪክም እንደዚያ ነው። ጫማ ጠርጎ፣ ጥሩ ድምፅ ኖሮት፣ ግን በአሪዞና ደጃፍ ያላለፈውን ልጅ ማን መዘገበው? እዚያው መርካቶ ውስጥ ስንት ነበሩ?

ጉራጌ ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። «ጉራጌ ሥራ ወዳድ ነው» የሚለው ሙገሳ ቆንጆ ወጥመድ ነው። አመስግኖ ይሸኝሃል። ሥራ ወዳድ ስለሆንክ ምንም አያስፈልግህም ማለት ነው እኮ! ለሌላው ድጎማ፣ ሥልጠና፣ አዳራሽ፣ ለአንተ ግን «አንተማ ታውቅበታለህ»። ልጁ ከእንድብር ወይም ከቡታጅራ ወጥቶ ከሊስትሮ ሱቅ፣ ከሱቅ ፎቅ ሲደርስ ሁሉም ያጨበጭባል። ከሊስትሮ ጊታር ቢልስ? ያኔ «ዱርዬ ሆነ» ነው። ማሕሙድንም ዛሬ የምናከብረው ስለተሳካለት ነው እንጂ፣ በ1962 የክለብ ተላላኪ ዘፋኝ ልሁን ሲል ቤተሰብ ሁሉ እልል ይላል ብሎ የሚያስብ የአበሻን ቤት አያውቅም።

ቡታጅራ ላይ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሥልጠና፣ ከፊቴ የተቀመጠ ልጅ ጊታሩን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነበር። እጁን አወጣ። «የት ነው የምንለማመደው? ቤት ስንጫወት ጎረቤት ይከሰናል፣ ከድራም ጋር ተጫውቼ አላውቅም» አለ። አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ «የሚፈልግ ሰው መንገድ አያጣም» አለው። አዳራሹ አጨበጨበ። ልጁም አጨበጨበ፣ ምን ያድርግ።

እስቲ አስቡት። ወልቂጤ ላይ ዛሬ ማታ ዘፋኙ ቢቀር ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም፣ ፍላሽ ይሰካል። ሰርግ ቤት አንድ ሰው አንድ ኪቦርድ ይዞ ይመጣል፣ ምቱ ከውስጡ ተሞልቷል፣ የጉራጌውን ጭፈራ በአንድ ቁልፍ ያስነሳል። ኪቦርዲስቱን አልወቅስም፣ እንጀራው ነው፣ አንዳንዶቹም የሚገርሙ ናቸው። ግን ኪቦርድ ውስጥ ያለ ድራመር «ልሞክር» የሚል ተላላኪ አይጠብቅም፣ ቁልፉን ዝቅ አድርጎ አያስተምርም። የሚገርመው፣ የአዲስ አበባ ሰርግ ሁሉ መጨረሻው ላይ የሚሞቀው በጉራጌ ምት ነው። ዘፋኞቻችን የትም ክልል ይወለዱ አልበማቸው ላይ አንድ ጉራጊኛ ካልጨመሩ የጎደለባቸው ይመስላቸዋል። ያን ምት ያወጣው አገር ግን ዞኑ ከተማ ላይ አንድ ድራም ሴት የተተከለበት፣ በሩ ለወጣት ክፍት የሆነ ክፍል የለውም። ሀብታችንን ጥሬውን እየላክን ነው፣ እንደ በርበሬው።

«ጎበዝ ከሆነ አዲስ አበባ ይሂድ» የሚል ይኖራል። ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወልቂጤ ከ150 ትንሽ ይበልጣል፣ ሩቅ አይደለም። የሄደው ልጅ ግን ቀን ሰው ሱቅ ቆሞ፣ ማታ ደባል ቤት አድሮ፣ መቼ ነው የሚለማመደው? ጃኖ ባንድን እዩት። በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጡ ከኋላቸው እንደ አዲስ ገሠሠ ያለ ማናጀር፣ እንደ ቢል ላስዌል ያለ ፕሮዲዩሰር ነበር። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ጉብዝናቸውን ግን የሚሸከም ነገር ነበረው። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ያለ እሱ አይሆንም።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፣ ልሸሸው አልፈልግም። በእኛ አቆጣጠር በ2015 የወልቂጤ ሰው ጀሪካን ይዞ አደባባይ የወጣው ለውሃ ነው። ቧንቧው ደረቅ በሆነበት ከተማ ስለ ድራም ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? አይደለም። ውሃ ይቅደም፣ በዚህ ማንም አይከራከርም። ግን «ውሃ የለም» ብሎ የሙዚቃ ክፍል የሚከለክል ባለሥልጣን ያንኑ በጀት ለውሃ ሲያውለው አላየሁም። የማነቃቂያ ሥልጠናው አዳራሽ ኪራይ አለው፣ አበል አለው፣ ባነር አለው፣ የታሸገ ውሃ ሳይቀር አለው። ብሩ ወጥቷል። ጥያቄው ለተረት ይውጣ ወይስ ለዕቃ ነው።

ደግሞ ማነው ጉራጌ ብቻውን ታግሎ ነው የሚያድገው ያለው? እቁብ ምንድነው ታዲያ? በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ልጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ ባለ ሱቁም ሊስትሮውም አዋጥቶ፣ መንግሥትን ጎትቶ ወደ አገሩ መንገድ አስገብቷል። «መንገድ የሚፈልግ በግሉ ይቆፍር» አላሉም። ያ ትውልድ የማሕሙድ እኩያ ነው። የእሱን ዘመን መንፈስ የሚወድ ሰው ከሳጥኑና ከብሩሹ ይልቅ ይሄንን ቢተርክ ይሻለዋል።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ወልቂጤ አንድ፣ ቡታጅራ አንድ። ግድግዳው ድምፅ የማያሳልፍ ክፍል፣ አንድ ድራም ሴት፣ ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ ማጉያዎች፣ ማይክ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያስነሳ ጄኔሬተር፣ አንድ አሠልጣኝ። አርብ ማታ በሩ ለሕዝብ ይከፈት፣ ዘፋኝ የቀረ እንደሆነ በሩ ጋ የቆመው ይሞክር። ለመስቀል በመኪና ሰልፍ አገር የምትገቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ለአንድ ሳምንት ክትፎ የምታወጡትን ታውቁታላችሁ፣ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። ከትልቁ እቁብ የአንድ ሰው ዕጣ ይሄንን ሁሉ ገዝቶ ይተርፋል። አንድ ነገር ብቻ ከአሁኑ ይታሰብበት፦ የክፍሉን ቁልፍ የሚይዘው ሰው ደሞዝ ይኑረው። በነጻ የሚያገለግል ሰው በሦስተኛው ወር ይጠፋል፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ቁልፉ።